በሽቦ የተንጠለጠለች ፀሐይ

ዓረቦች «ዳብ» የሚሉት ባለእሾህ ጅራት እንሽላሊት የበረሃ ልጅ ነው። ሌላው ፍጥረት ጥላ በሚሻበት ሙቀት እርሱ ከጉድጓዱ ወጥቶ ሆዱን በትኩስ ድንጋይ ላይ ለጥፎ ይጋደማል። ማለዳ ጠቁሮ ይወጣል፤ ፀሐይ እየጠገበ ሲሄድ ገላው ወደ ቢጫነት ይለወጣል። ጥቁር ቆዳ ሙቀት ይስባልና፣ ሲሞቅ ጥቁረቱን እንደ ካባ ያወልቀዋል።

ታዲያ ይህ እንስሳ በካርቶን ተገዝቶ፣ ቀን ከሌት የአየር ማቀዝቀዣ በሚያጓራበት የሪያድ ቤት ሲገባ ምን ይሆናል? በአንዱ ቤት ልጁ ስም አወጣለት፤ ሦስት ቀንም ተጫወተበት። በአራተኛው ቀን ጣጣው ሁሉ፣ እንደ ተለመደው፣ ወደ ቤት ሠራተኛዋ ተላለፈ። እርሷ የወሎ ልጅ ናት። በአገሯ እንሽላሊት በካብ ላይ ሲሮጥ ታውቃለች እንጂ ሲቀለብ አይታ አታውቅም። ሆኖም አደራ ነውና ሰላጣ ቆራርጣ፣ ውሃ በሳህን ሞልታ አቀረበችለት። ዳቡ አልነካውም። እንደ ጠቆረም ቀረ። ማዳሟ «ከሞተ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ» አለቻት። በሰው ቤት ለሚያድር ሰው ይህ ቀላል ቃል አይደለም።

ችግሩ ከሰላጣው አልነበረም። ዳብ የገላውን ሙቀት ከውጭ የሚያገኝ ፍጥረት ነው፤ የበላው ቅጠል በሆዱ የሚብላላውም ገላው ሲግል ነው። ስለዚህ ሲበርደው መብላት ይተዋል። የሚጋደምበት ስፍራ ከ45 እስከ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊሞቅ፣ ሌላው ዳር ደግሞ ቀዝቀዝ ሊል ይገባል፤ መምረጡን ለእርሱ መተው ነው። በመስኮት መስታወት ያለፈ ፀሐይም አይበቃውም፤ አጥንቱን የሚያጠነክረውን ጨረር መስታወቱ ያስቀርበታልና። ውሃውን በአብዛኛው ከቅጠል ያገኛል፤ ትርፍ ጨውን በአፍንጫው ያስወጣል። ሠራተኛዋ በአፍንጫው ዙሪያ ያየችውን ነጭ ብናኝ በሽታ መስሏት በእርጥብ ጨርቅ ስትጠርግ ሰነበተች።

መላውን ያገኘችው ልብስ ልታሰጣ ሰገነት ስትወጣ ነው። ሣጥኑን ይዛው ወጣች፤ ግማሹን በጆንያ ሸፍና ግማሹን ለፀሐይ ተወችው። በመጀመሪያው ቀን በእሾሃም ጅራቱ ክንዷን ገረፋት። በሦስተኛው ቀን ቢጫ ሆነ፤ ከኩሽና የዘገነችለትን ጥሬ ምስርም ፍሬ በፍሬ ለቀመ። ማዳሟ ይህን ካየች በኋላ ሙቀትና ጨረር የሚሰጥ አምፖል ተገዛ፤ በሣጥኑም ላይ በሽቦ ተንጠለጠለ።

ገዢዎች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 ዋሽንግተን ላይ የተፈረመው የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት የዳብን ዘር ከ1977 ጀምሮ በቁጥጥር ሥር ያስገባው ያለምክንያት አይደለም፤ በየበረሃው ለሥጋውም ለጨዋታውም ይታደናልና። ደግሞም ዕድሜው ረጅም ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሊደርስ ይችላል። የልጅ ፍላጎት ግን አንድ ክረምት እንኳ አይዘልቅም።

የሠራተኛዋ ውል ሁለት ዓመት ነው። አሁን ልጁን በየማለዳው ከእንቅልፉ ትቀሰቅሰውና አምፖሉን በራሱ እጅ እንዲያበራ ታደርገዋለች። እስካሁን እያኮረፈ ያበራል።