«ክኒንህን ውጠሃል?»

መተማ ሲባል ብዙዎቻችሁ ትዝ የሚላችሁ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1881 ዓ.ም. የወደቁበት ጦር ሜዳ፣ ሰሊጥና ሙቀት ነው፡፡ ለእኔ ግን መተማ ማለት ሞተር ሳይክል ነው፡፡ የእኛ ቆላ ክረምት ሲገባ ጥቁር ጭቃ፣ በጋ ሲሆን ስንጥቅጥቅ ያለ መሬት ነው፡፡ እርሻዎቹ ከከተማ ይርቃሉ፡፡ ሰሊጡ ታጭዶ ሂላ ሆኖ በሚቆምበት ወቅት ለጉልበት ሠራተኞች ዱቄቱንና ዘይቱን፣ ለትራክተሩ መለዋወጫውን ቶሎ የሚያደርሰው ሞተር ነው፡፡ እኔም አሥራ ስምንት ዓመት እንደሞላኝ በ2015 ዓ.ም. መንጃ ፈቃድ አወጣሁና በአባቴ ሞተር ይህንኑ ሥራ ጀመርኩ፡፡ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ታናሽ እህቴን ትምህርት ቤቷ አደርሳለሁ፡፡

ያንን መንጃ ፈቃድ እንዴት እንዳጣሁትና እንዴት መልሼ እንዳገኘሁት ነው ዛሬ የማጫውታችሁ፡፡

በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ወባ ያዘኝ፡፡ ቆላ ላደገ ሰው ወባ ብርቅ አይደለም፤ ይህኛው ግን ከበደ፡፡ ትኩሳቴ ጨምሮ ራሴን ሳትኩ፣ ሰውነቴም ተንቀጠቀጠ፡፡ ታክሜ ዳንኩ፡፡ ሁሉም «የወባው ነው» አለ፤ እውነትም ነበር፡፡ ወባ ሲበረታ አንጎል ድረስ ሄዶ ሰውን ያንዘፈዝፋል፡፡

በኅዳር ግን ምንም ትኩሳት ሳይኖረኝ ሻይ ቤት እንደተቀመጥኩ ወደቅሁ፡፡ ስነቃ አፍንጫዬ ሥር የክብሪት ጭስ ይሸተኛል፡፡ ሰዉ ራቅ ብሎ ከቦኛል፡፡ «አትንኩት፣ አትንኩት» የሚል ድምፅ ሰማሁ፡፡ ይህን ነገር ሁላችሁም በየአገራችሁ አይታችሁታል ብዬ እገምታለሁ፡፡ (ለማንኛውም ክብሪቱ ምንም አይጠቅምም፡፡ የወደቀውን ሰው በጎኑ ማስተኛት፣ ጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር ማድረግ፣ አፉ ውስጥም ምንም አለመክተት ነው የሚያስፈልገው፡፡ በሽታው በመንካት አይተላለፍም፡፡)

አብሮኝ የነበረውን ጓደኛዬን «ቤት እንዳትናገር» አልኩት፡፡ ለምን ደበቅሁ? ስሙን ስለማውቀው ነዋ! የሚጥል በሽታ ከተባልኩ ሞተሩም፣ ሥራውም፣ ትዳሩም፣ ሁሉም ያበቃለታል ብዬ ስላሰብኩ ነው፡፡ ሦስት ሳምንት ሙሉ እህቴን ከኋላ አፈናጥጬ እንደ ድሮዬ ነዳሁ፡፡

ከዚያ በኋላ የሆነውን እኔ አላስታውሰውም፤ እሷ ናት የነገረችኝ፡፡ «ሞተሩ ወደ ጎን ሄደ፡፡ ጠራሁህ፣ አልሰማህም፡፡» ደግነቱ ቀስ ብለን ነበር የምንሄደው፤ የወደቅነውም የመንገዱ ዳር አሸዋ ላይ ነው፡፡ እኔ ተላላጥኩ፡፡ የእሷ ክንድ ግን ተሰበረ፡፡

ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን ጎንደር ሆስፒታል ገባን፡፡ ሐኪሙ «ከዚህ በፊት እንዲህ ወድቀህ ታውቃለህ?» ሲለኝ አባቴ ቀድሞ «የወባው ጊዜ ብቻ ነው» አለ፡፡ እኔ ዝም አልኩ፡፡ እህቴ ክንዷን በጀሶ አስራ እዚያው ተቀምጣለች፡፡ ያን ጊዜ ሻይ ቤት ስለወደቅሁት ተናገርኩ፡፡ አባቴ ቀና ብሎ አየኝ፤ አንድ ቃል አልተናገረም፡፡ ከጎንደር አይከልን አልፈን፣ ገንዳ ውሃን አልፈን፣ ቤታችን እስክንገባ ድረስ አልተናገረም፡፡

ሐኪሙ ግልጽ አድርጎ ነበር ያስረዳኝ፡፡ ከወባው ጋር የመጣው መንቀጥቀጥ ለብቻው የሚጥል በሽታ አያሰኝም፤ ትኩሳቱ ያመጣው ነው፡፡ ያለ ምንም ምክንያት ሁለት ጊዜ ከመጣ ግን፣ ያውም በሁለቱ መካከል ከ24 ሰዓት በላይ ካለ፣ በሽታው አለ ማለት ነው፡፡ ፌኖባርቢታል የሚባል ክኒን አዘዘልኝ፡፡ «ለጊዜው ማሽከርከር የለበትም» የሚል ደብዳቤም ጻፈ፡፡ በማግስቱ አባቴ «መንጃ ፈቃድህን አምጣ» አለኝ፡፡ አብረን ሄደን አስረከብን፡፡ የተቀበለን ሠራተኛ ደብዳቤውን አነበበና «ይህ በሽታ ያለበት ሰው አይነዳም፤ በቃ» አለን፡፡ «እስከ መቼ?» ብዬ ብጠይቀው «እስከ መቼ የሚባል ነገር የለም» ነበር መልሱ፡፡

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤት ዋልኩ፡፡ የሱዳን ጦርነት በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ መተማ ዮሐንስ ተሻግሮ በሚመጣ ሰው ተጨናንቃለች፡፡ እቃ የሚያመላልስ ሞተርና ባጃጅ ሁሉ ሥራ በዝቶበታል፡፡ የእኛ ሞተር ግን ሸራ ለብሶ ግድግዳ ተደግፏል፡፡

ለሁለተኛ ጊዜ ጎንደር ስሄድ ሐኪሙን ያንኑ ጥያቄ ጠየቅሁት፡፡ «እስከ መቼ?» እሱ ግን ቁጥር ነገረኝ፡፡ «ክኒንህን ሳታቋርጥ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ሳይጥልህ ከቆየህ እኔው እጽፍልሃለሁ፡፡» ምን ልበላችሁ፣ ከሐኪሙ ክፍል ስወጣ ሌላ ሰው ሆኜ ነበር፡፡ ክልከላው ያው ክልከላ ነው፤ አሁን ግን መጨረሻው ታየኝ፡፡

ዓመቱ ቀላል አልነበረም፡፡ በግንቦት 2016 ዓ.ም. መንገድ ተዘግቶ ክኒኑ አለቀብኝ፡፡ አምስት ቀን ሳልውጥ ቆየሁና በስድስተኛው ወደቅሁ፡፡ ይህን መድኃኒት ድንገት ማቋረጥ ራሱ እንደሚጥል ነግሮኝ ነበር፡፡ ስድስት ወር የቆጠርኩት ከንቱ ሆነ፤ እንደገና ከአንድ ጀመርኩ፡፡ ያን ጊዜ መደበቅ አላማረኝም አልልም፡፡ ያየችኝ እናቴ ብቻ ነበረች፡፡ ግን ሄጄ ለሐኪሙ ነገርኩት፤ እሱም ካርዴ ላይ ጻፈው፡፡

ቆጠራው በግንቦት 2017 ዓ.ም. ሞላ፡፡ ሐኪሙም ቃሉን አክብሮ ጻፈልኝ፡፡ ቢሮው ግን ሦስት ጊዜ መለሰኝ፡፡ አንዴ «ማህተሙ አይነበብም»፣ አንዴ «የተለመደው የጤና ምርመራ ቅጽ ይሞላ»፣ አንዴ ደግሞ «ኃላፊው የሉም» ተባልኩ፡፡ በነሐሴ መንጃ ፈቃዴ እጄ ገባ፡፡

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፡፡ «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል፡፡ እውነት ነው፤ ግን ሰው ለምን እንደሚሸሽግ ተረቱ አይነግረንም፡፡ ሕጉ ለመንጃ ፈቃድ የጤና ማረጋገጫ መጠየቁ ትክክል ነው፤ የእህቴ ክንድ ምስክሬ ነው፡፡ እኔን ያስደበቀኝ ክልከላው አይደለም፣ ማብቂያ የሌለው መምሰሉ ነው፡፡ በእንግሊዝ አገር የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው መኪና ወይም ሞተር ለመንዳት በአብዛኛው አንድ ዓመት ሳይጥለው መቆየት አለበት፡፡ ለአውቶቡስና ለከባድ ጭነት ደግሞ ያለ መድኃኒት 10 ዓመት ይጠየቃል፡፡ ጥብቅ ነው፤ ግን ቁጥር አለው፡፡ ቁጥር ያለው ሰው ይቆጥራል፣ ቁጥር የሌለው ይደብቃል፡፡

ደግሞም እኛ ጥቂቶች አይደለንም፡፡ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ አካባቢ አጥንተው በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከ1,000 ሰው 5 ያህሉ ይህ በሽታ እንዳለበት አግኝተዋል፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች አብረውት እንደሚኖሩ፣ በአግባቡ ከታከሙም እስከ 70 በመቶው ሳይጥላቸው መኖር እንደሚችሉ ይናገራል፡፡ ነገ ዜና የምንሠራ እኛ ስለ አንድ አደጋ «አሽከርካሪው የሚጥል በሽታ ነበረበት» ብለን ከመዝጋታችን በፊት «መድኃኒቱን ያገኝ ነበር? እስከ መቼ እንደማይነዳ የነገረው ሰው ነበር?» ብለን ብንጠይቅ መልካም ነው፡፡

መንጃ ፈቃዴን በያዝኩ ማግስት ሞተሩን ከሸራው አውጥቼ አጠብኩት፡፡ እህቴ በር ላይ ቆማ ታየኛለች፡፡ ክንዷ ድኗል፤ ትንሽ ቀና አይልም እንጂ፡፡ ነይ አላልኳትም፡፡ ለአንድ ሳምንት ብቻዬን ነዳሁ፡፡ በሳምንቱ ቦርሳዋን ይዛ መጣችና ሞተሩ አጠገብ ቆመች፡፡

«ክኒንህን ውጠሃል?» አለችኝ፡፡

«ማታ ውጫለሁ፡፡»

«አሳየኝ፡፡»

ቤት ገብቼ የክኒኑን ማሸጊያ አመጣሁላት፡፡ ባዶዎቹን በጣቷ አንድ በአንድ ቆጠረች፣ ከቀኑ ጋር አስተያየች፡፡ ከዚያ ሄልሜቷን አጠለቀችና ከኋላዬ ወጣች፡፡ አሁንም ለእረፍት አገር ቤት በገባሁ ቁጥር ሳትቆጥር አትወጣም፡፡