ሁለት ወንድማማቾች፣ ሁለት ሞተሮች

ይህችን መጽሔት ለማዘጋጀት የምንሰባሰብ ልጆች አንድ የተለመደ ቀልድ አለን። እኔ ከምህንድስና በመምጣቴ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎቹ፣ «አንተ የብሎን ሰው፣ ከግጥም ሰፈር ምን አመጣህ?» ይሉኛል። እስከ ዛሬ ስቄ አልፍ ነበር። ሰሞኑን ግን ስለ ሁለት ወንድማማቾች አንብቤ መልስ የሚሆነኝ ነገር ስላገኘሁ፣ እነሆ ብዕሬን አነሣሁ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።)

ኸርማን ዉክና ቪክቶር ዉክ ከሩሲያ የተሰደደ የአይሁድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ያደጉትም ኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ በሚባለው ሰፈር ነው። ታላቁ ኸርማን ደራሲ ሆነ፤ «ዘ ኬን ሚውቲኒ» በተባለው ልብ ወለዱ በ1952 የፑሊትዘርን ሽልማት አገኘ። በ1919 የተወለደው ታናሹ ቪክቶር ደግሞ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ወጣው። በ1942 ከካልቴክ የዶክትሬት ዲግሪውን ሲቀበል ያጠናው፣ ቤንዚን ሲቀዳና ሲከፋፈል ስለሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ሙል ነበር። ቤንዚንና ኤሌክትሪክ ገና ያኔ በእጁ ላይ ተገናኝተዋል ማለት ነው።

በ1960ዎቹ ዉክ በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ሲሠራ አንድ ነገር ተገነዘበ። የኤሌክትሪክ ሞተር ከቆመበት ሲነሣ ጉልበታም ነው፤ ችግሩ ስንቁ ነው፣ የዚያን ጊዜው ባትሪ ቶሎ ያልቃል። የቤንዚን ሞተር ደግሞ ስንቁ ረጅም ነው፤ ዳሩ ግን ቆም ነሣ በሚበዛበት ከተማ ነዳጅ ይፈጃል፣ ጭስ ይተፋል። ታዲያ ለምን አብረው አይጎትቱም? አንዱ ሲደክም ሌላው ቢደግፈውስ? ሐሳቡ ራሱ አዲስ አልነበረም፤ ፌርዲናንድ ፖርሼ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ሁለቱን ያጣመረ መኪና ሠርቷል። የዉክ ድርሻ፣ ነገሩን በተራ የቤተሰብ መኪና ውስጥ አስገብቶ፣ ለክቶ ማሳየቱ ነው።

አሜሪካ በ1970 የአየር ብክለት ሕጓን ስታጠብቅ፣ ጭሱ የቀነሰ መኪና ለሚሠራ መንግሥት ድጋፍ እንደሚሰጥ አስታወቀ። ዉክና ቻርሊ ሮዘን የተባለው ባልደረባው የ1972 ቡዊክ ስካይላርክ ወሰዱ። የነበረውን ሞተር አውጥተው አነስተኛ የማዝዳ ሞተር፣ አንድ የኤሌክትሪክ ሞተርና ስምንት ባለ 12 ቮልት ባትሪ አስገቡበት። በ1974 መኪናው በመንግሥት ላቦራቶሪ ተፈተነ። በአንድ ጋሎን ወደ 30 ማይል፣ ማለትም በአንድ ሊትር ወደ 13 ኪሎ ሜትር ሄደ፤ ይህ ከፊተኛው እጥፍ ያህል ነው። የሚተፋው መርዝም በጊዜው ከነበሩት መኪኖች አንድ ዐሥረኛ አይሞላም ነበር።

ታዲያ ምን ሆነ? በ1976 ሥራው ውድቅ ተደረገ። ዉክ፣ ፍርዱ የተቆረጠው ከፈተናው በፊት ነው ብሎ ያምን ነበር።

ይህን ሳነብ የታየኝ አባቴ ነው። አባቴ የጎጃም መንገድ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ትምህርት ሲዘጋ አብሬው እሄድ ነበር። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዐባይ ወንዝ ሲወረድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። ማርሽ ቀንሶ፣ ፍሬን እየነካካ ይወርድና መሐል ላይ ዳር ይዞ ይቆማል፤ ጎማው ሥር የፍሬን ሸራ ይሸታል። «ልጄ፣ ይኸ የሚሸትህ ገንዘቤ ነው» ይለኝ ነበር። ፊዚክስ አልተማረም፤ ግን ልክ ነበር። ዳገቱን ለመውጣት የገዛው ናፍጣ ቁልቁለቱ ላይ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። በ1997 መጨረሻ ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበው የቶዮታ ፕሪየስ፣ ፍሬን ሲያዝ ወይም ቁልቁለት ሲወርድ የኤሌክትሪክ ሞተሩን እንደ ዲናሞ ያሠራና፣ ሁሉንም ባይሆን ከፊሉን ጉልበት ወደ ባትሪው ይመልሳል። የዉክ መኪና ውድቅ ከሆነ 21 ዓመት አልፎ ነበር። እሱም ይህን አይቶ በ2005፣ በ86 ዓመቱ ዐረፈ።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ ከእናንተ ሰፈር ያመጣኝ ይህ ነው። ደራሲው ወንድም መጽሐፉ ከታተመ አንባቢ ይበቃዋል። መሐንዲሱ ግን ሠርቶም አልጨረሰም፤ ፋብሪካ አለ፣ ሕግ አለ፣ ማኅተም የያዘ ሰው አለ። እነዚህ ሁሉ እምቢ ሲሉት የሚቀረው የለካው ቁጥርና ቁጥሩን የጻፈበት ወረቀት ነው። የዉክ ወረቀቶች በካልቴክ ቤተ መዛግብት ተቀምጠዋል። ውሳኔው ሥራውን አስቆመው እንጂ ቁጥሩን አልፋቀውም። ስለዚህ እኛም መጻፍ መቻል አለብን፤ ያውም ሳናሳምር፣ ሳንጨምር።

እኔም ለመመረቂያዬ ይህንኑ ቁልቁለት ርእስ አድርጌ ሳቀርብ፣ «ማን ይሠራዋል ብለህ ነው? ቀለል ያለ ያዝ» ተብያለሁ። ምክሩ ለእኔው ታስቦ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ውጤቴም ሊቀንስ ይችላል። ግን አልቀየርኩም። አንድ አሮጌ ዲናሞና ባትሪ ይዤ ጀምሬያለሁ። የሚወጣው ቁጥር ትንሽ ከሆነ ትንሽነቱን እጽፋለሁ። አባቴ አሁን ጡረታ ላይ ነው፤ ያ ሲሸተው የኖረው ገንዘብ ስንቱ ሊመለስ ይችል እንደነበር ግን በቁጥር ልነግረው እፈልጋለሁ።