ሁለት ቀን በጎታ

የእህቴ ልጅ ጀርመን አገር ትዳር ይዞ መኖር ከጀመረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ባለፈው ዓመት በሥራ ምክንያት ወደዚያው በተሻገርሁ ጊዜ፣ ቅዳሜና እሁድን ከቤተሰቡ ጋር እንዳሳልፍ አጥብቆ ለመነኝና በቱሪንገን ወደምትገኘው ጥንታዊት ከተማ ወደ ጎታ አመራሁ።

አቀባበሉ ልብን ደስ የሚያሰኝ ነበር። ጀርመናዊቷ ባለቤቱ ከአገር ቤት በተላከላት በርበሬ ዶሮ ወጥ ሠርታ ጠበቀችኝ። የአሥር ዓመቷ ልጃቸው ግን «አባባ» ብላ ከሳመችኝ በኋላ የአማርኛዋ ስንቅ በዚያው አለቀ። እኔ ስናገር እሷ አባቷን ታያለች፤ እሷ ስትናገር እኔ አባቷን አያለሁ። ምሽቱን ሁሉ የሥጋ ዘመዶች ሆነን ሳለ በአስተርጓሚ ተጫወትን።

ልጅቱ ከተኛች በኋላ ቅሬታዬን መደበቅ አልቻልሁም። «የአያቶቿን ቋንቋ እንዴት ትነፍጋታለህ?» አልሁት።

ጥቂት ዝም አለና፣ «ጋሼ፣ እሷስ ትጠይቀኛለች። ደክሞኝ ስገባ ‹ሌላ ጊዜ› የምላት እኔ ነኝ» አለኝ።

በማግሥቱ ከገበያው አደባባይ፣ ከቀዩ ማዘጋጃ ቤት አጠገብ ተነሥተን፣ በዳገቱ ላይ የተሠራውን የውኃ ፏፏቴ እያየን ወደ ፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት ወጣን። መስፍኑ ኤርነስት ይህን ግዙፍ ሕንፃ ማሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1643፣ ሠላሳ ዓመት የፈጀው ጦርነት ገና ሳይበርድ ነው። በሰሜኑ በር አናት ላይ በድንጋይ የተቀረጹ ምስሎች የሰላም መሳሳም ሲሳሳሙ ይታያሉ።

እኔን ወደዚያ የሳበኝ ግን የራሳችን ሰው ታሪክ ነበር። የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ እ.ኤ.አ. በ1652 በመስፍኑ ተጠርተው በዚህ ግንብ ተስተናግደዋል። ለዚህ ያበቃቸው ኤርፉርት የተወለደው ሂዮብ ሉዶልፍ ነው። ሉዶልፍ ግዕዝን ከመጻሕፍት ተምሮ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1649 ሮማ ላይ አባን አገኘና ቋንቋውን ከሕያው አንደበት ለመስማት በቃ። በዚህ ቤተ መንግሥት መስፍኑ ስለ ኢትዮጵያ ይጠይቃል፤ አባ ይመልሳሉ፤ ሉዶልፍ በመካከል ያስተረጉማል። ከተለያዩም በኋላ በደብዳቤ መጠያየቃቸውን አላቋረጡም። አባ ጎርጎርዮስ እ.ኤ.አ. በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ የተሳፈሩባት መርከብ ሰጥማ ሞቱ። ከ40 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1698፣ ኢትዮጵያን አንድም ቀን በዓይኑ ያላየው ሉዶልፍ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ፍራንክፈርት ላይ አሳተመ።

ይህን ሁሉ ለልጅቱ የነገርኋት በአባቷ አንደበት ነው። እንደ ሉዶልፍ በመካከላችን ቆሞ ሲያስተረጉም፣ ድምፁ አንድ ሁለት ጊዜ ሲሰበር ሰማሁ። ስንጨርስ ልጅቱ መዳፏን በግንቡ ላይ አሳርፋ አንድ ነገር ጠየቀች።

«ይህ በአማርኛ ምን ይባላል? ትላለች» አለኝ።

«ድንጋይ» አልኋት።

ከዚያ ወዲያ ጥያቄዋ ማብቂያ አልነበረውም። በር፣ ሰማይ፣ ውኃ። «ጥላ» ላይ ስንደርስ «ጥ» አልወጣላት አለና «ተላ» እያለች ስትታገል ሦስታችንም ሳቅን። የእኛን ፊደል ስለማታውቅ ቃላቱን በራሷ ፊደል በደብተሯ ትጽፍ ጀመር።

በዚያች ሰዓት እኔም ራሴን ታዘብሁ። በማስተማር ባሳለፍኋቸው ዓመታት፣ የጊዜን እጥረት ምክንያት አድርጌ ስንቱን ጠያቂ ተማሪ «ተቀመጥ» ብያለሁ! አንድ ሰው ሳይታክት ስለጠየቀ፣ ሌላው ሳይሰለች ስለመለሰ፣ ቋንቋችን በባዕድ ምድር መጽሐፍ ወጣለት። እኛ ግን በገዛ ልጃችን ፊት «ሌላ ጊዜ» እንላለን። ማታ የወቀስሁት ሰው ከእኔ የከፋ አልነበረም።

አመሻሽ ላይ ወደ ባቡር ጣቢያ ሸኙኝ። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ በመስኮት ዘወር ብዬ አየሁ። አባትዬው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ደብተሯን ጭኑ ላይ ዘርግቷል፤ ከእያንዳንዱ ቃል ጎን በእኛ ፊደል ይጽፍላት ነበር።