ደብረ ታቦር፦ ነፋሱ ከጎን ሲመጣ

ከባሕር ዳር እስከ ደብረ ታቦር መንገዱ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወረታ ላይ ወደ ምሥራቅ ሲታጠፉ የፎገራ ሩዝ ማሳ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ዓለም በርን ሲያልፉ ጆሮዎ ይደፈናል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። የልጆቹን ሹራብ ሻንጣው ሥር አይቅበሩት፤ ከጉና በኩል የሚመጣው ነፋስ ቀልድ አያውቅም።

ደብረ ታቦር ዛሬ መደበኛ በረራ የላትም። ድሮ ግን አውሮፕላን ሜዳዋ ላይ ያርፍ ነበር። ጋሼ የምንላቸው የባለቤቴ አጎት ከዚያ ዘመን አንድ ቀን አይረሱም። እናታቸው ታመው ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ ሊሄዱ በቃሬዛ ሜዳው ድረስ ወጡ። አውሮፕላኑ መጣ፣ ዝቅ አለ፣ አንድ ክንፉን ደፋ፤ ጎማው መሬት ሊነካ ሲል አጓርቶ ተነሳና ሄደ። በሽተኛዋ በመጡበት ቃሬዛ ቤታቸው ተመለሱ። በማግስቱ ጠዋት ሌላ አውሮፕላን ወሰዳቸው፤ ዳኑም። ጋሼ ግን ያንን አብራሪ እስከ ዛሬ “ፈሪ” ይሉታል።

እኔ ከአብራሪው ጋር ነኝ። ማርኬቲንግ ሙያዬ ስለሆነ አውቃለሁ፤ “ሳናርፍ ተመለስን” ብሎ ማስታወቂያ የሚያሠራ የለም። ሥራው ግን እሱ ነው።

ማኮብኮቢያ የተዘረጋበት አቅጣጫ አይቀየርም፤ ነፋስ ደግሞ ከፈለገው በኩል ይመጣል። የጉማራን ወንዝ በክረምት የተሻገረ ሰው ነገሩ አይከብደውም፤ ቀጥታ ማዶ ለመድረስ ሰውነቱን ውኃው ወደሚመጣበት አዙሮ ይራመዳል። አብራሪውም አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አዙሮ አውሮፕላኑን ገደድ አድርጎ ያወርዳል። ጭንቁ መጨረሻ ላይ ነው። ጎማ በጎኑ አይሽከረከርም፤ ስለዚህ መሬት ሊነካ ጥቂት ሰከንድ ሲቀረው አፍንጫውን ቀጥ ማድረግ፣ በነፋሱ በኩል ያለውን ክንፍም ዝቅ ማድረግ አለበት። ጋሼ ያዩት የተደፋ ክንፍ ይኸው ነው። በዚያች ቅጽበት ነፋሱ ከበረታ ጎማው ይንሸራተታል፣ ክንፉ ይነሳል፣ አውሮፕላኑ ከማኮብኮቢያው ይወጣል። በ1938 ዓ.ም. የአገራችን ሲቪል በረራ የተጀመረባቸው ዲሲ-3ዎች ደግሞ ሦስተኛዋ ጎማ ያለችው ጭራቸው ሥር ነበር። ክብደታቸው ከዋናዎቹ ጎማዎች ኋላ ስለሚያርፍ፣ ጭራው አንዴ መዞር ከጀመረ ለመመለስ አስቸጋሪ ነው፤ ወደ ኋላ የሚገፋ ጋሪ እንደሚጠማዘዘው።

ደጋው ራሱ ጣጣ ይጨምራል። በ2,700 ሜትር ላይ አየሩ በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሚከብድ፣ አውሮፕላኑ የሚያርፈው 14 በመቶ ያህል በበለጠ ፍጥነት ነው፤ ለመቆምም ረዘም ያለ ሜዳ ይፈልጋል። ትንሽ አውሮፕላን ደግሞ ነፋስ የመቋቋም አቅሙ ውስን ነው። ለሴስና 172 በሙከራ የተረጋገጠው የጎን ነፋስ በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በአገር ውስጥ በረራ የምናውቀው ኪው 400 እስከ 59 ይደርሳል።

ለጋሼ የጉማራውን ምሳሌ ስነግራቸው ጥቂት ዝም አሉና፣ “ይሁን ልጄ፤ እጁን አውለብልቦልን ቢሄድ ግን ምን ነበረበት?” አሉኝ።

በጌምድር ከአውሮፕላን ጋር የተዋወቀው ለጉዞ አልነበረም። የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ያበረረው ፖቴዝ 25፣ አዲስ አበባ የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው፤ የደብረ ታቦር በዓል ዋዜማ መሆኑ ይገርመኛል። ሰባት ወር አልፎ የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ ላይ በተደረገው ዘመቻ አውሮፕላን ወረቀትና ቦምብ ጣለ፤ ራስ ጉግሣም መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ ወደቁ። በጥቅምት 1923 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካ ይኖር የነበረው ሁበርት ጁልያን ለንግሥ በዓሉ ልምምድ ሲበር የንጉሡን ትንሽ ጂፕሲ ሞዝ አዲስ አበባ ላይ ከሰከሳት። እሱ ተረፈ፤ ከአገር ግን ተባረረ።

ወደዚህ የሚመጡ ከሆነ እስከ ባሕር ዳር የጠዋቱን በረራ ይያዙ፤ ፀሐይ መሬቱን ሳታግል ነፋሱ ለዘብ ይላል። ደብረ ታቦር ሲደርሱ ለልጆቹ አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩባትን ጋፋትን ያሳዩአቸው። አንድ ቀን ከተረፈዎት በዚያው አስፋልት ወደ ምሥራቅ ይቀጥሉ። ከ3,000 ሜትር በላይ የምትገኘው ከተማ ስሟ ነፋስ መውጫ ነው፤ ሹራቡን ያኔ ያገኙታል።