ቅድመ ክፍያ

«ወንድምጋሼ፣ ለቤት ቅድመ ክፍያ ስንት ልቆጥብ?» አለችኝ ታናሽ እኅቴ ባለፈው እሑድ ከጅዳ ደውላ። እኔ ለቤት ስቆጥብ ከአሥራ ሁለት ዓመት በላይ የሆነኝ ሰው ነኝ። ከእኔ የተሻለ መልስ የሚሰጣት ማን አለ? ሆኖም አንደበቴ ተሳሰረ። «አስቤበት በሚመጣው እሑድ እነግርሻለሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። እነሆ፣ ሳምንቱን ሙሉ ሳስብ ከረምኩ።

በ2005 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤት ፈላጊዎች ሲመዘገቡ፣ እኔም ከንጋት ጀምሮ ተሰልፌ ስሜን አስጻፍኩ። 10/90፣ 20/80 እና 40/60 የሚባሉ መርሐ ግብሮች ነበሩ። የመጀመሪያው ቁጥር ቆጣቢው አስቀድሞ የሚያጠራቅመውን የቤቱን ዋጋ መቶኛ፣ ሁለተኛው ደግሞ ባንክ የሚያበድረውን ያመለክታል። እኔ በ20/80 ባለ ሁለት መኝታውን መረጥኩ። የወር ቁጠባዬም 561 ብር ሆነ። ያን ጊዜ አንድ ዶላር ከ18 እስከ 19 ብር ይመነዘር ስለነበር፣ በወር 30 ዶላር ገደማ አስቀምጥ ነበር ማለት ነው። ደመወዝ በተቀበልኩ ማግስት ወደ ባንክ እሄዳለሁ። በደብተሬ ላይ አንዲት አዲስ መስመር ስትታተም ግድግዳው አንድ ድርድር ድንጋይ የጨመረ ይመስለኝ ነበር። እናቴም «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያለች ታበረታታኝ ነበር።

በ2009 ዓ.ም. ክረምት እኅቴ አሥረኛ ክፍልን ጨርሳ ነርስነት ለመማር ተመኘች። የግል ኮሌጅ ነበርና ገንዘብ ይጠይቃል። አንድ ምሽት ከጓዳ ወጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «ወንድምጋሼ፣ የመጀመሪያውን ዓመት ብቻ ክፈልልኝ፤ የቀረውን እየሠራሁ እወጣዋለሁ» አለችኝ። በደብተሬ ላይ ወለዱ ሳይቆጠር 26,928 ብር ነበር። ከነካሁት ግን ተራዬን አጣለሁ። «አለኝ፤ ግን ለቤት ነው» ብላት ኖሮ ቢያንስ እውነት በተናገርኩ ነበር። እኔ ግን ያልኳት «የለኝም» ነው። እርሷም አልተከራከረችኝም። ሁለት ዓመት ሱቅ ውስጥ ተቀጥራ ከሠራች በኋላ በ2011 ዓ.ም. ለቤት ሠራተኝነት ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ የሆነው ሁሉም የሚያውቀው ነው። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. የብር የመግዛት አቅም ከውጭ ምንዛሪ አንጻር በ15 በመቶ ዝቅ ተደረገ። ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድም ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አለ። በየካቲት 2011 ዓ.ም. ዕጣ ወጣ፤ ስሜ አልነበረበትም። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የወጣው ዕጣ ተሰረዘ፤ በኅዳር 2015 ዓ.ም. እንደገና ሲወጣም ስሜ አልነበረበትም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። ዛሬ 561 ብር ከአራት ዶላር አይበልጥም። አሥራ ሁለት ዓመት ሳላቋርጥ ያስቀመጥኩት ወለዱን ሳይጨምር 80,784 ብር ነው። 400,000 ብር ለሚያወጣ ቤት ሃያ በመቶው ይህን ያህል ገደማ ነው። ቤቱ ሁለት ሚሊዮን ከገባ ግን ያው ሃያ በመቶ 400,000 ብር ይሆናል። እናቴ እውነቷን ነው፤ እንቁላሉ በእግሩ ሄዷል። ቤቱ ግን እየሮጠ ነበር።

ስለዚህ ለእኅቴ የምነግራት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው፦ «ስንት ብር?» ብለሽ አትጠይቂ፤ «የየትኛው ቀን ዋጋ ስንት መቶኛ?» ብለሽ ጠይቂ። የምትቆጥቢበት ሪያል ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዶላር ጋር በ3.75 የታሰረ ነውና፣ ለመግዛት እስክትቆርጪ ድረስ ወደ ብር ለመለወጥ አትቸኩዪ። ቅድመ ክፍያው ብቻውን ቤት አያስገባም፤ የስም ማዛወሪያውን፣ የማጠናቀቂያውን፣ የበሩንና የወለሉን ወጪ፣ ቀጥሎም የየወሩን የብድር ክፍያ አብረሽ ቁጠሪ። ብትታመሚ ወይም ከሥራ ብትወጪ የምትኖሪበትን የጥቂት ወራት ስንቅ ለይተሽ አስቀምጪ። የይዞታ ማረጋገጫውን ሳታዪ ለማንም ገንዘብ አትላኪ።

ይህን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፍኩት። ከሥሩ ግን አንድ ሌላ ስሌት አለ፤ ሰኞ ሌሊት የሠራሁት ነው። ያን ክረምት የደበቅኋት 26,928 ብር፣ ዶላር በ23 ብር ሲመነዘር፣ 1,170 ዶላር ወይም 4,400 ሪያል ገደማ ነበር። ያንኑ ዛሬ ልክፈልሽ ብላት ከ160,000 ብር በላይ ያስፈልገኛል። ያለኝ ሁሉ፣ ከነወለዱ፣ አይሞላውም። እርሷ ልትማርበት የሚገባውን ገንዘብ ባንክ ውስጥ አስቀምጬ አሟሟሁት፤ እርሷ ደግሞ ባልተማረችው ትምህርት ፈንታ የሰው ቤት እያጸዳች፣ እነሆ ዛሬ የቤት ቅድመ ክፍያ ስንት እንደሆነ ትጠይቀኛለች።

ስለ ቁጠባ የሚመክሩ ሰዎች «ከምታገኘው ይህን ያህል እጅ አስቀምጥ» ይላሉ፤ ደግ ምክር ነው። ያስቀመጥኩት ከማን ድርሻ ላይ ተነሥቶ እንደሆነ ግን የጠየቀኝ አልነበረም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም። ከራሴ ምሳና ከራሴ ጫማ ያተረፍኩትን አልጸጸትበትም። የምጸጸተው «የለኝም» በምትለው አንዲት ቃል ባተረፍኩት ነው።

ዛሬ እሑድ ነው። የባንክ ደብተሩን ከመሳቢያው አውጥቼ ከወረቀቱ ጎን አስቀምጬዋለሁ። መጀመሪያ ከሥር ያለውን ስሌት፣ ቀጥሎ ከላይ ያለውን አነብላታለሁ። ተራዬ ይቅር ብትል ይቀራል፤ ገንዘቡ ጎዶሎም ቢሆን ለእርሷ ቤት መጀመሪያ ይሁን።

ስልኩ እስኪጠራ እየጠበቅሁ ነው።