ከውርጭ የተረፈ ገብስ

ደብረ ብርሃን የኖረ ሰው ውርጭን ያውቀዋል። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ናትና፣ በጥቅምትና በኅዳር ሰማዩ ጥርት ያለ እንደሆነ፣ ማታ እሸት የነበረው ገብስ ጧት አመድ የተነፋበት መስሎ ይገኛል። ክረምቱን ሙሉ የታረሰ፣ የታረመ፣ የተጠበቀ እርሻ በአንድ ሌሊት! «በጥቅምት አንድ አጥንት» ይላል የአገራችን ሰው፤ በእኛ ምግብ አዳራሽ ግን አጥንቱ ቀርቶ ምስሩም ከድስቱ ጥግ ተፈልጎ ነው የሚገኝ። ይህስ ለጨዋታ ያህል ነው። ልንጽፍ ያሰብነው ስለ ሌላ ውርጭ ነው።

ባለፈው ኅዳር የአንድ ጓደኛችን አባት ሞቱ። በአገራችን ደንብ መርዶ የሚነገረው ሊነጋጋ ሲል፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ ነው። ለእርሱ ግን በስልክ መጣ፤ ያውም ለፈተና በሚያጠናበት ምሽት። ወደ አገሩ የሚወስደው መንገድ ተዘግቶ ስለነበረ ለቀብር አልደረሰም። እኛም መኝታ ክፍላችንን ድንኳን አደረግናት፤ ፍራሾቹን መሬት ላይ ዘረጋን፣ ንፍሮ ከሰፈር አስቀቅለን አመጣን፣ እስከ ሠልስት አብረነው ተቀመጥን። ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ ከመካከላችን አልነበረም። ልጁ ጋቢውን ተከናንቦ ተኛ። ሳምንት አለፈ፤ ሁለተኛውም አለፈ፤ አልተነሳም። የሚመጣው ሁሉ «በርታ! በርታ እንጂ!» ይለዋል። ኧረ እንደው ይህ «በርታ» የሚሉት ቃል! ሐዘን ስንፍና ይመስል!

ታኅሣሥ ሲገባ አንድ ቅዳሜ ጎትተን አስነሳነውና አንኮበር ሄድን፤ ከደብረ ብርሃን አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሸዋ ነገሥታት መናገሻ ከነበረው ተራራ ላይ ወጣን። ከጥንቱ ቤተ መንግሥት የቀረው ጥቂት ግንብ ነው። ከዚያ ሆነው ወደ ምሥራቅ ሲያዩ ደጋው በአንድ ጊዜ ያልቅና ቆላው ከሥር ተዘርግቶ ይታያል። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ ከፈንታሌ አካባቢ ተነስቶ፣ ብርድ ልብሳችንን እንደተከናነብን (በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ በታወቀች ከተማ ሌላ ምን እንከናነባለን!) ከመኝታ ክፍል ያስወጣን የመሬት መንቀጥቀጥ የመጣው ከዚያ ከስምጥ ሸለቆው ነው። በ1953 ዓ.ም. ደግሞ ከዚህ ወደ ሰሜን፣ በካራቆሬ በኩል መሬት ተናውጣ ማጀቴን አፈራርሳታለች። የቆምንበት መሬት ራሱ ዋስትና ካልሰጠ ሰው ምኑን ይዞ ይቆማል? እያልን ስንፈላሰፍ ጓደኛችን ዝም ብሎ ቁልቁል ያያል።

ስንመለስ ከመንገዱ ዳር አንድ ሽማግሌ ገብስ ሲወቁ አገኘን። ክምራቸው ትንሽ ነው።

«ውርጭ መታብን» አሉ። «ፍሬ ያልያዘውን ለከብት አጨድነው፤ የቀረችው ይቺ ናት። ከዚችም ላይ ዘር ይነሳል።»

አንዳችን ጠጋ ብሎ የጓደኛችንን ነገር ነገራቸው። «ነፍስ ይማር» አሉና መንሹን አቀበሉት። «በል ልጄ፣ ነፋሱ ሳያመልጠን።» በርታ አላሉትም። ልጁ መጀመሪያ ደርቆ ቆመ፤ ከዚያ አንዴ ወደ ላይ በተነ፣ ደገመ፤ የገበሬ ልጅ ነውና እጁ ያውቀዋል። እኛ የከተማ ልጆች በሬዎቹን እንንዳ ብለን ገባን፤ በሬዎቹም ሳይታዘቡን አልቀሩም። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ እዚያው ቆየን።

ሚኒባስ ስንጠብቅ ክርክር ተነሳ። አንዱ የክፉ ቀንን ታሪክ አመጣ፤ በ1880ዎቹ መጀመሪያ ከብቱ በበሽታ አልቆ፣ የሚጠመድ በሬ ጠፍቶ፣ ሕዝቡ በረሃብ ሲረግፍ፣ እዚሁ አንጎለላ የተወለዱት ዐፄ ምኒልክ ዶማ ይዘው በገዛ እጃቸው እየቆፈሩ መኳንንቱን አነሳሱ አለ። ሌላው «ንጉሥ ለአርአያ ይቆፍራል፤ ባላገሩ ለነፍሱ ነው የቆፈረው። የተጻፈው ግን የማን ነው?» ብሎ ተቆጣ። እኛ ወደዚህኛው እናደላለን። ቢሆንም የንጉሡም ሆነ የባላገሩ ዶማ የሞተውን አላስነሳም፤ ያዡንም አላስረሳም። ሥራ ሐዘንን ያስረሳል የሚሉ ሰዎች አውድማ ላይ የዋሉ አይመስለንም።

ሚኒባሱ ውስጥ፣ ስለ አባቱ ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ቃል ያልተነፈሰው ልጅ፣ «የኛን ጤፍ ማን ይወቃው ይሆን?» አለ። ደብረ ብርሃን ልንገባ ስንል ስልኩን አውጥቶ ወደ እናቱ ደወለ።

«እማዬ፣ አውድማው ተለቀለቀ ወይ?»

የመለሱለትን አልሰማንም፤ ሾፌሩ ዘፈኑን ከፍ አድርጎት ነበር። እርሱ ግን እስከ መናኸሪያ ድረስ ያወራ ነበር፤ «እሺ… እሺ… በሬ ከጎረቤት ተዋሱ… የለም የለም፣ በግራ በኩል ያለውን ክምር አስቀድሙ፤ አባዬ ሁልጊዜ በሱ ነበር የሚጀምረው።»