የአንበሳሜው ደጋን

ወደ አንበሳሜ የወሰደኝ የተሰበረ ቀስት ነው ብላችሁ ትስቁ ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ዑቅባ ኢብኑ ዓሚር (ረ.ዐ) ያስተላለፉትንና በሰሒሕ ሙስሊም የሰፈረውን ሐዲስ ለመድረሳ ልጆች ሳብራራ ነበር። በሱረቱል አንፋል የተጠቀሰውን «ኃይል» ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በቀስት ውርወራ እንደተረጎሙት ነገርኳቸው። አንዱ ተማሪ «ኡስታዝ፣ ቀስት ግን እንዴት ነው የሚሠራው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

የቀርቀሃና የወይራ ስስ ንጣፎችን በኮላ አጣብቄ፣ በጎማ ቁራጭ ጠፍሬ አንድ ቀስት ሠራሁ። ገና ሲሳብ ጀርባው ተሰነጠቀና ስንጣሪው የልጁን ጉንጭ ጫረው። ዓይኑ በአላህ ጥበቃ ተረፈ። እኔ ግን ያን ሌሊት አልተኛሁም።

ከባሕር ዳር በጎንደር መንገድ እስከ ሐሙሲት፣ ከዚያ ወደ እስቴ በሚወስደው መንገድ ታጥፈን አንበሳሜ ገባን። የፈለግሁት ደጋን ይሠራሉ የተባሉ አንድ አዛውንት ሸማኔን ነበር። ደጋን ሲባል ቀስት አይምሰላችሁ፤ የጥጥ መንደፊያው ነው። ታጥፎ የተወጠረ እንጨት፣ ጅማቱም ሲመታ ጥጡን እንደ ጉም የሚበትን። ቋንቋችን ራሱ ሁለቱን አልለያቸውም። ንብ ትነድፋለች፣ ጥጥ ይነደፋል፤ በግዕዙም በቀስት መውጋት «ነደፈ» ነው።

አዛውንቱ የተሰበረውን ቀስቴን አገላብጠው አዩት። «ልጄ፣ ይኼን እንጨት ማን ጠረበው?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

«ጭረቱን አቋርጠህ ነው የቆረጥከው» አሉና ጣታቸውን በስንጥቁ ላይ አሳረፉ። እንጨት ሲታጠፍ የውጭው ፊት ይለጠጣል፣ የውስጡ ይጨመቃል። በጀርባው ያለው ጭረት ከጫፍ እስከ ጫፍ ካልተያያዘ መጀመሪያ የሚለቀው እሱ ነው። ስለዚህ በመጋዝ ከመቁረጥ ጭረቱን ተከትሎ መሰንጠቅ ይሻላል። የጥንት ቱርኮችም ይህን በሚገባ ያውቁ ነበር። በቀስታቸው ጀርባ ላይ መለጠጥ የሚችል ጅማት፣ በሆዱ በኩል መጨመቅ የሚችል ቀንድ ያጣብቁና ለወራት እንዲደርቅ ይተዉት ነበር። እኔ የቸኮልኩት ለሁለት ቀን ነው! እንጨቴም ገና እርጥብ ነበር። የእሳቸው ከምድጃው በላይ፣ ከጣሪያው ሥር ተሰቅሎ ጭስ ጠግቧል።

ወሬያችን ወደ ሽመናው ዞረ። በ1668 እ.ኤ.አ. በቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን በጎንደር የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ። የርስት መሬት ያልተፈቀደላቸው አባቶቻችን በንግድና በሸማ ሥራ ኖሩ። «መሬት ላራሹ» እስከታወጀበት እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ለብዙዎች ማረሻው መወርወሪያ ነበር። ያም ሆኖ ያለበሰው ሰው ሲናቅ ኖረ።

የአዛውንቱ የልጅ ልጅ በር ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። በትምህርት ቤት የአያቱ ሥራ ሲጠየቅ «ገበሬ» ብሎ እንደሚጽፍ አዛውንቱ ነገሩኝ። ሳይቆጡ ነው ያሉት። ልጁ አቀረቀረ። እኔም አቀረቀርኩ። አባቴ ሸማኔ ነበር፤ ሁለተኛ ደረጃ ስማር ለጓደኞቼ «ነጋዴ ነው» ብዬ ነበር የኖርኩት። ነቢዩላህ ዳውድ (ዐ.ሰ) ከእጃቸው ሥራ ይበሉ እንደነበር በመድረሳ ስማር ቆይቼ፣ ትምህርት ቤት ስገባ አፈርኩበት። ይህን ለልጁ ነገርኩት። አያቱም ሰሙ።

አዛውንቱ መልስ አልሰጡም። ደጋኑን አውርደው ሰጡኝ። በፊት የማውቀው መስሎኝ ነበር፤ እጄ ግን ረስቶታል። ጅማቱ አንጓዬን ገረፈኝ፣ ብናኙ አፌ ገባ። ልጁ ሳቀና «እንዲያ አይደለም» ብሎ ከእጄ ወሰደው። ቁርጭምጭሚቱን አጥፎ ተቀመጠና መምታት ጀመረ። ዙዝ፣ ዙዝ፣ ዙዝ። ጥጡ ተነስቶ በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ ተንሳፈፈ።

ለመግሪብ ስንነሳ አዛውንቱ ከጣሪያው ሥር ሁለት የደረቁ ወይራዎች ጎትተው አወረዱልኝ። «መጋዝ እንዳታስነካው» አሉኝ።